ካርቡሬተሩ ከመጣሉ በፊት

(መግቢያ ሙዚቃ፤ 10 ሰከንድ ያህል፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

ወልዲያ ጎንደር በርና አዳጎ ያላችሁ፣ መርሳ ከተማ ያላችሁ፣ በሐብሩ ገጠር በግራና፣ በሲሪንቃ፣ በውርጌሳ ሬዲዮናችሁን የከፈታችሁልን አላችሁ። እጃችሁ ግራሶ ነክቶት ከጋራዥ የምታዳምጡም አላችሁ። ዛሬ ወሬው የእናንተው ነው።

እስቲ በቅድሚያ ይህን ስሙልኝ።

(የድምፅ ቅጂ፦ ሞተር ሳይክል ይረገጣል፤ ይነሳል፤ ጥቂት ሠርቶ ይጠፋል፤ እንደገና ይረገጣል)

ምን ሰማችሁ? ሞተሩ ይነሳል፣ ግን አይቆይም። ቾክ ሲሳብ ይሠራል፣ ቾኩ ሲመለስ ይጠፋል። ባለቤቱ ላቡ እስኪንቆረቆር ይረግጣል። በመጨረሻም አንድ ሰው ይመጣና፣ «ካርቡሬተሩ ሞቷል፣ ቀይረው» ይለዋል።

እውነት ሞቷል? ብዙውን ጊዜ አልሞተም። ተደፍኗል እንጂ። በዛሬው ዝግጅታችን ደጋግሜ የምላችሁ አንድ ነገር አለ፤ ካርቡሬተር ከመቀየሩ በፊት ይጽዳ። ደግሜ ልበለው፤ ከመቀየሩ በፊት ይጽዳ።

(አጭር ሙዚቃ)

በአካባቢያችን ስለ የትኞቹ ሞተሮች ነው የምናወራው? መጀመሪያ የመሥሪያ ቤቶቹን እናንሳ። ያማሃ ለእርሻ ሥራ ብሎ የሠራው ኤጂ 100 አለ፤ ዲቲ 125 አለ፤ ሆንዳ ኤክስኤል 125 አለ። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው፣ የእንስሳት ሐኪሙ፣ የክትባት ብልቃጥ ተሸክሞ ቀበሌ ለቀበሌ የሚዞረው የጤና ባለሙያ የሚያውቃቸው እነዚህን ነው። ቀጥሎ ደግሞ ከህንድ የመጡት ቦክሰርና ቲቪኤስ አሉ። ዛሬ መንገዱን የሞሉት እነሱ ናቸው፤ ከእነሱም ውስጥ ቢሆን ያረጁት ብዙ ናቸው።

በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት ወልዲያንና መርሳን ሲያዳርስ የብዙ መሥሪያ ቤት ንብረት መዘረፉን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ታዲያ ከጓሮ ተጥሎ የተረፈ አሮጌ ሞተር ዛሬ እንደ ቀላል የሚታይ ንብረት አይደለም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ካርቡሬተር ምን ይሠራል? ቤንዚንና አየር ያዋሕዳል። ሞተር ቤንዚንን ብቻውን አያቃጥልም። በክብደት ሲታሰብ ለአንድ እጅ ቤንዚን ወደ አሥራ አምስት እጅ የሚጠጋ አየር ይፈልጋል። አየሩ በካርቡሬተሩ ጠባብ ጉሮሮ ውስጥ በፍጥነት ሲያልፍ ግፊቱ ይወርድና ቤንዚኑን ከታች ይስበዋል። ፓምፕ የለውም፤ ኤሌክትሪክ የለውም።

ከታች ያለችው ትንሽ ሳህን ቤንዚን ትይዛለች። ሳህኗ ውስጥ ተንሳፋፊ አለ። ቤት ውስጥ የውኃ ሮቶ ያላችሁ ሮቶው ሲሞላ ውኃውን የሚዘጋውን ኳስ ታውቁታላችሁ፤ ይኸኛውም ሥራው ያው ነው። ቤንዚኑ ሲሞላ ተንሳፋፊው ይነሳና ሾጣጣ መርፌ ቀዳዳውን ትዘጋለች፤ ቤንዚኑ ሲቀንስ ይወርድና ትከፍታለች።

ከሳህኗ ወደ ላይ የሚወጣው ቤንዚን በናስ በተሠሩ ቀጫጭን ቀዳዳዎች ያልፋል። መካኒኮቻችን ጄት ይሏቸዋል። አንዷ ትልቅ ናት፤ ነዳጅ ሲሰጥ የምትሠራው እሷ ናት። ሁለተኛዋ ትንሽዬ ናት፤ ሞተሩ ቆሞ በሚኒሞ ሲሠራ የምትመግበው እሷ ናት። የትንሽዋ ቀዳዳ ከስፌት መርፌም ትጠባለች። እንግዲህ ገምቱ፤ ቀድማ የምትደፈነው የትኛዋ ናት?

(3 ሰከንድ ዝምታ)

አዎ፣ ትንሽዋ። ለዚህ ነው ቅድም የሰማችሁት ሞተር በቾክ እየሠራ ያለ ቾክ የሚጠፋው። በሚኒሞ የምትመግበው ጄት ተደፍናለች። ሞተሩ አልሞተም፤ ካርቡሬተሩም አልሞተም።

(የድምፅ ቅጂ፦ ቤንዚን ከፕላስቲክ ጠርሙስ ወደ ታንከር ሲንቆረቆር)

ቆሻሻው ከየት ይመጣል? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ችግሩ ሁሉ የሚጀምረው እዚህ ነው።

ማደያ ቤንዚን ሲጠፋ ከየት እንገዛለን? ከመንገድ ዳር፣ በሀይላንድ። ያ ሀይላንድ ትናንት ምን ነበረበት? ጄሪካኑስ? ውኃ ሊሆን ይችላል፤ ዘይት ሊሆን ይችላል። ሻጩ ለማብዛት ነጭ ጋዝ ጨምሮበትም ሊሆን ይችላል። ሁሉም ሻጭ እንዲህ ያደርጋል እያልኩ አይደለም። ነገር ግን ገዢው ማየት መቻል አለበት። እንዴት?

ሁለት ቀላል ሙከራዎች አሉ። የመጀመሪያው ለውኃ ነው። ከገዛችሁት ቤንዚን ትንሽ በንጹሕና በሚያሳይ ጠርሙስ ቀድታችሁ ጥቂት ደቂቃ አስቀምጡት። ውኃ ከቤንዚን ይከብዳል፤ ከታች ይጠራቀማል። መስመር ሠርቶ ወይም እንደ ዶቃ ተድበልብሎ ታዩታላችሁ።

ሁለተኛው ለነጭ ጋዝ ነው። ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ አድርጉ። ንጹሕ ቤንዚን ቶሎ ይተንና ወረቀቱ ላይ ይህ ነው የሚባል ምልክት አይተውም። ነጭ ጋዝ የገባበት ግን የቅባት እድፍ ትቶ ይቆያል። አንድ ወረቀት ኪስ ውስጥ ይዞ መዞር ምን ያስከፍላል?

ከቤንዚኑ ቀጥሎ አቧራው አለ። ከመርሳ ወደ ግራና፣ ከዋናው አስፋልት ወደ ገጠር ቀበሌዎች ስትገቡ በበጋ ያለውን አቧራ እኔ ለእናንተ አልነግራችሁም። በውቂያ ወቅት ደግሞ ገለባው ይጨመራል። የአየር ፊልትሮው በዚህ ጊዜ ታፍኖ ይከርማል። አንዳንድ ልጆች «ጉልበት ይጨምራል» ብለው ፊልትሮውን ጨርሰው ያወጡታል። እባካችሁ አታውጡት። አሸዋው ቀጥታ ሲሊንደሩ ውስጥ ይገባና ፒስተኑን ይሞርደዋል። የካርቡሬተር ጽዳት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ የፒስተን ጣጣ ግን ሌላ ነው። ስፖንጅ ፊልትሮ ከሆነ በሳሙና ውኃ ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ፣ በጥቂት የሞተር ዘይት ተነክሮና ተጨምቆ ይመለሳል። የወረቀት ፊልትሮ ግን አይታጠብም፤ ይራገፋል፣ ሲያረጅ ይቀየራል።

(አጭር ሙዚቃ)

እሺ፣ አሁን ካርቡሬተሩን እንፍታ። ከሁሉ በፊት እሳት! ቡና የሚፈላበት ከሰል አጠገብ፣ ሲጋራ አጠገብ፣ ብየዳ የሚሠራበት ቦታ አጠገብ ካርቡሬተር አይፈታም። የቤንዚን ትነት ከእሳት ጋር በሩቅ ይገናኛል። ደጅ ሁኑ፤ ሞተሩም ይቀዝቅዝ።

የታንከሩን ሩቢኔት ዝጉ። ከሳህኗ ሥር ማፍሰሻ ብሎን አለ፤ እሷን ላላ አድርጋችሁ ያለውን ቤንዚን በንጹሕ ጠርሙስ ተቀበሉ። ተመልከቱት። ውኃ አለው? ዝገት አለው? ዝገት ካለ ጥፋቱ የታንከሩ ነው፤ ታንከሩ ሳይጸዳ ካርቡሬተሩ ቢጸዳ በሳምንቱ ትመለሱበታላችሁ።

የሳህኗን ብሎኖች ስትፈቱ ተጠንቀቁ። የጃፓን ካርቡሬተር መስቀለኛ ብሎን ከተራው መስቀለኛ ካቻቢቴ ጋር የሚገጥም ይመስላል እንጂ ልክ አይገጥምም። ካቻቢቴው ይንሸራተትና ጭንቅላቱን ይልጠዋል። ስለዚህ ጫፉ ቁጭ የሚል ካቻቢቴ ምረጡ፤ በመዶሻ ቀለል አድርጋችሁ ላዩን መታ መታ አድርጉት፤ ከዚያ ወደ ታች ተጭናችሁ አዙሩ።

ከጎን በኩል የሚኒሞ አየር የምታስተካክል ትንሽ ብሎን አለች። ይህችን ከመፍታታችሁ በፊት ምን ታደርጋላችሁ? መጀመሪያ ወደ ውስጥ እስክትቆም ድረስ ቀስ ብላችሁ አጥብቋት፤ ስንት ዙር እንደዞረች ቁጠሩ፤ ቁጥሩን ጻፉ። አንድ ዙር ተኩል ሊሆን ይችላል፤ ሁለት ሊሆን ይችላል። ስትመልሷት እዚያው ቁጥር ላይ ትመልሷታላችሁ። ሳይቆጥር የፈታ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲያዞር ይውላል።

ጄቶቹን አውጡና ወደ ብርሃን ቀና አድርጋችሁ እዩ። ክብ ብርሃን ታያላችሁ? ካያችሁ ክፍት ነው። ካላያችሁ ተደፍኗል። አሁን ልብ በሉ፤ ሽቦ አታስገቡ! ሚስማር አታስገቡ! የስፌት መርፌም አታስገቡ! ናስ ለስላሳ ነው፤ ቀዳዳው በትንሹ ከሰፋ ያ ጄት ያ ጄት መሆኑ ቀረ፤ ከዚያ ወዲያ ሞተሩ ቤንዚን ይበላል፣ ጥቁር ጭስ ያጨሳል። ለጊዜው ንጹሕ ቤንዚን ውስጥ ዘፍዝፉት። ከዚያ ጎሚስታው ዘንድ ሂዱና በአየር አስነፉት። በዚህም አልከፈት ካለ ከኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ የምትወጣ አንዲት ቀጭን የመዳብ ክር ትበቃለች። መዳብ ናስን ቶሎ አይፍቀውም፤ ያም ሆኖ በእጅ ልስላሴ ነው።

አየር ስታስነፉ ተንሳፋፊውንና መርፌዋን አስቀድማችሁ አውጡ። አንዳንድ የህንድ ሞተሮች ካርቡሬተር ከላይ ክዳኑ ሥር ስስ የጎማ ሽፋን አለው። እሱንም አውጡ። አየር ይቀደዋል፤ ማጽጃ ኬሚካል ያበላሸዋል። የጎማ ቀለበቶችም ኬሚካል ውስጥ አይዘፈዘፉ።

አሁን ደግሞ ተንሳፋፊውን አንሱና ጆሯችሁ አጠገብ ነቅንቁት።

(የድምፅ ቅጂ፦ ውስጡ ፈሳሽ ያለበት ትንሽ ዕቃ ሲነቀነቅ)

እንዲህ ካለ ተበስቷል፤ ቤንዚን ገብቶበታል፤ አይንሳፈፍም። የመርፌዋን ጫፍ ደግሞ እዩ። ሾጣጣው ጫፍ ላይ ቀለበት የመሰለ የመበላት ምልክት ካለ መርፌዋ ቤንዚኑን አትዘጋም። ሞተሩ ቆሞ ከሥሩ ቤንዚን የሚንጠባጠበው ብዙ ጊዜ ለዚህ ነው። ያኔ መቀየር ያለበት ምንድን ነው? መርፌዋ። ካርቡሬተሩ በሙሉ አይደለም! መርፌዋ።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን የእኛን አገር ልዩ የሚያደርገውን ነገር ላንሳ። መርሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር አካባቢ ነው፤ ወልዲያ 2,100 ሜትር አካባቢ። ከወልዲያ በድልብ አቀበት ወደ ጋሸና የወጣችሁ ደግሞ አየሩ እንዴት እንደሚሳሳ ደረታችሁ ነግሯችኋል። ሞተሩም ይሰማዋል።

ወልዲያ ላይ ያለው አየር ከባሕር ጠረፍ አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ካርቡሬተሩ ግን ይህን አያውቅም። ፋብሪካ የተስተካከለው ለቆላ ከሆነ እዚህም ያንኑ የሚያህል ቤንዚን ይሰጣል። አየሩ አነሰ፣ ቤንዚኑ በዛ። ውጤቱስ? ጉልበት ማነስ፣ ጥቁር ጭስ፣ ጥቁር ካንዴላ። ስለዚህ ካንዴላውን ፍቱና አንብቡት። ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን በዝቷል። ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሷል፣ ሞተሩም ከልክ በላይ ይሞቃል። ቡናማ ከሆነ ደኅና ነው።

ጥላሸት ሲበዛ ምን ይደረጋል? መጀመሪያ ፊልትሮው ይጽዳ። ካልተሻለ ከነዳጅ ገመዱ ጋር ወደ ላይና ወደ ታች የምትሄደውን ረጅሟን መርፌ አውጡ። አናቷ ላይ የተደረደሩ ቦዮችና አንዲት ትንሽ ቅንጥብ አሉ። ቅንጥቧን አንድ ቦይ ወደ ላይ አድርጓት፤ መርፌዋ ዝቅ ትላለች፣ ቤንዚኑ ይቀንሳል። አንድ ቦይ ብቻ፤ ከዚያ ነድታችሁ ካንዴላውን እንደገና እዩ።

ታዲያ አንድ አደጋ አለ። ሞተሩን ደጋ ላይ አስተካክሎ ቆላ የሚነዳ ሰው ቤንዚን ያጥርበታል። በተለይ ኤጂ 100ንና ዲቲ 125ን የመሳሰሉት ቤንዚንና ዘይት አብረው የሚያቃጥሉ ሞተሮች ይህን አይችሉም። ሙቀቱ ይበዛና ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል። ስለዚህ ሞተራችሁን የምታስተካክሉት ብዙውን ጊዜ በምትነዱበት ከፍታ ይሁን። መርሳ የሚውል ሞተር መርሳ ይስተካከል።

(አጭር ሙዚቃ)

ጸድቶ አልድን ያለስ? ያኔ ዕቃ ፍለጋ ነው። የቦክሰርና የቲቪኤስ ዕቃ ወልዲያ ሱቆች ታገኛላችሁ። የአሮጌዎቹ የያማሃና የሆንዳ ግን ብዙ ጊዜ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ያስወርዳል፤ አልፎም አዲስ አበባ መርካቶ ሶማሌ ተራ ያስልካል። ከወልዲያ አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መንገዱም ሁልጊዜ ክፍት አይደለም። ተሳስቶ የመጣ ዕቃ ተመልሶ እስኪሄድ ወር ያልፋል።

ስለዚህ አደራ፣ «የዲቲ መርፌ ላክልኝ» ብላችሁ ብቻ በስልክ አትዘዙ። አሮጌውን ዕቃ ራሱን በምታምኑት ሾፌር ላኩ። ካልሆነም ከሳንቲም አጠገብ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱና በቴሌግራም ላኩ፤ ሳንቲሙ መጠኑን ያሳያል። የካርቡሬተሩን ስም እዩ፤ ሚኩኒ ነው ኬሂን? ጄቱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር አንብቡ።

ቁጥሩ ለምን አስፈለገ? የኬሂን ጄት ላይ 100 ካለ ቀዳዳው 1 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። ሚኩኒ ግን ብዙ ጊዜ ቁጥሩን የሚሰጠው በቀዳዳው በሚያልፈው ቤንዚን ልክ ነው። ስለዚህ የሚኩኒ 100 እና የኬሂን 100 አንድ አይደሉም። ቁጥሩ አንድ ስለሆነ ብቻ የሚሸጥላችሁን ሰው አትስሙ።

ነጋዴው «ሙሉ ካርቡሬተር በርካሽ አለ» ሲላችሁስ? እዚህ ላይ የራሴን ሐሳብ ልናገር። እኔ ርካሽ ኮፒ ካርቡሬተር ከምገዛ ሃያ ዓመት ያገለገለ ኦርጅናል ቤት ይዤ መርፌና ጓርኒሲዮን ብቀይርለት እመርጣለሁ። ኮፒው ሲገጠም ያብረቀርቃል፤ ጄቶቹ ግን ለየትኛው ሞተር እንደተለኩ አይታወቅም። አዲስ ኦርጅናል መግዛት የሚጠቅመው ረጅሟን መርፌ የሚይዘው ተንሸራታች ቤቱ ራሱ ተበልቶ ሲላላ ነው፤ ያኔ ጽዳትም መርፌም አያድነውም።

ወጣት መካኒኮች «ካርቡሬተር እኮ ሊቀር ነው» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ ህንድ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በሚያዝያ 2020 ጠበቅ ያለ የጭስ ደንብ ሥራ ላይ ካዋለች ወዲህ እዚያ የሚሸጡት አዳዲስ ሞተሮች በአብዛኛው ቤንዚኑን በኮምፒውተር የሚለኩ ሆነዋል። በእኛ መንገድ ላይ ያሉት ግን ገና ለብዙ ዓመት በካርቡሬተር ነው የሚሄዱት።

(አጭር ሙዚቃ)

በመጨረሻ ለመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች አንድ ጥያቄ አለኝ። በግቢያችሁ ጥግ የቆሙት ሞተሮች ምን ጎደላቸው? ዝርዝር አላችሁ? አንድ መርፌ ለመግዛት ሦስት ፕሮፎርማ ይሰብሰብ ሲባል ሞተሩ ክረምት ያልፍበታል። ዝናቡ ታንከሩን ያዝገዋል፤ ዝገቱ ካርቡሬተሩን ይደፍነዋል፤ ከዚያ «ከአገልግሎት ውጭ» ተብሎ ይጻፍበታል። ምሳ የማይገዛ ዕቃ ሞተር ገደለ ማለት ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ እንግሊዛዊው ባሪ ኮልማንና አሜሪካዊው የሞተር ሳይክል ተወዳዳሪ ራንዲ ማሞላ ሶማሊያ ሄደው ነበር። በዚያ የጤና ሠራተኞች ሞተር ሳይክሎች ብዙም ሳይነዱ፣ ጥገና አጥተው ወድቀው አዩ። ያ ጉብኝት ኋላ ራይደርስ ፎር ሄልዝ የተባለ ድርጅት እንዲወለድ ምክንያት ሆነ። ድርጅቱ በበርካታ የአፍሪካ አገሮች የጤና ሠራተኞችን ያሠለጠነው ሞተር ሲሰበር እንዲጠግኑ ሳይሆን ሳይሰበር በየዕለቱ እንዲያዩት ነው።

ሞተር የምትይዙ ባለሙያዎች፣ በየሳምንቱ የሳህኗን ማፍሰሻ ብሎን ላላ አድርጋችሁ ጥቂት ቤንዚን አውጡና እዩ። ረዘም ላለ ጊዜ የምታቆሙት ከሆነ ሩቢኔቱን ዝጉና ሞተሩ የሳህኗን ቤንዚን ጨርሶ እስኪጠፋ አሠሩት። የቆመ ቤንዚን ሲተን ትቶት የሚሄደው ሙጫ መሰል ዝቃጭ ነው ትንሽዋን ጄት የሚደፍናት።

ግቢያችሁ ውስጥ የማይጠገኑ ሁለት ሦስት አንድ ዓይነት ሞተሮች ካሏችሁም በደንቡ መሠረት ከመወገዳቸው በፊት ካርቡሬተራቸውን መዝግባችሁ አስቀሩ። አንዱ ለሌላው መርፌ ይሆናል፤ ተንሳፋፊ ይሆናል።

አድማጮቻችን፣ በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ካንዴላና ስለ እሳቱ እናወራለን። እስከዚያ አሮጌ ሞተር ያላችሁ የጄቶቻችሁን ቁጥር ጽፋችሁ ላኩልን፤ ከሞተሩ ስምና ከምትነዱበት ቦታ ጋር። መርሳ፣ ወልዲያና ደጋ ላይ የሚነዱትን አስተያይተን እናነብላችኋለን።

(መዝጊያ ሙዚቃ)